ኮከቡ 35 ሲሞላው ደቂቃው እንዴት ይመደብ?

ሊዮኔል ሜሲ ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ዕለት ወሬው ጎንደር ይደርሳል። ፒያሳ ዙሪያ ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች አንዱ «እሱን አስቀምጦ ማንን ሊያጫውት ነው?» ይላል፤ ሌላው «አርባ ሊሞላው የተቃረበን ሰው በየሦስት ቀኑ አሯሩጠው ይጣሉት?» ብሎ ይመልሳል። ፋሲል ከነማ ሲጫወትም ክርክሩ ያው ነው፣ የተጫዋቹ ስም ብቻ ይቀየራል። ልምድ ያለው ሰው ከቋሚ 11 ውጪ ሲሆን ቡድኑ ተዳከመ ይባላል፤ ገብቶ በ75ኛው ደቂቃ የኋላ ጭኑን ይዞ ሣሩ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ «መጀመሪያውኑ ማን አስገባው?» ይባላል።

ሁለቱም ወገን የሚሟገተው በጨዋታው ዕለት ስለሚሰጥ ውሳኔ ነው። ያን ዕለት ግን አብዛኛው ነገር አልፏል። ዕድሜው የገፋን ተጫዋች የሚሰብረው ብዙ ጊዜ አንድ 90 ደቂቃ አይደለም፤ ጫናው አንድ ሳምንት ዳገት፣ አንድ ሳምንት ገደል መሆኑ ነው። ሁለት ሳምንት ወንበር ላይ የከረመ የ35 ዓመት አጥቂ በሦስተኛው ሳምንት ሙሉ ጨዋታ ሲሰጠው፣ በየሳምንቱ ሲጫወት ከቆየው ይልቅ ለጉዳት ሊቀርብ ይችላል። «አሳርፉት» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት የሚሆነውም ለዚህ ነው። የደቂቃው ድምር መቀነስ አለበት። የሩጫው ጥንካሬ ግን መቀነስ የለበትም።

ከዕድሜ ጋር ቀድሞ የሚሄደው

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠፋው ትንፋሽ ይመስለዋል። ትንፋሽ ግን ዘግይተው ከሚሄዱት አንዱ ነው። ከፍተኛውን የልብ ምት ለመገመት ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 መቀነስ የተለመደ ነው፤ በዚህ ስሌት የ25 ዓመቱ ወደ 190፣ የ35 ዓመቱ ወደ 183 ይመጣል። ልዩነቱ ሰባት ምት ገደማ ነው። በሚገባ የሠራ የ35 ዓመት አማካይ በአንድ ጨዋታ 10 ኪሎ ሜትር ሸፍኖ መውጣት አያቅተውም።

ቀድሞ የሚሄደው ፍንዳታው ነው፦ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሜትሮች፣ ከቆሙበት ድንገት መነሳት፣ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሁለቴ ሦስቴ በሙሉ ፍጥነት መሮጥ። ፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ይቀጥናሉ፣ ጅማትም የወጣትነት ጸባዩን ይለውጣል። ከዚያ የማገገሚያው ጊዜ ይረዝማል። ከሙሉ ጨዋታ በኋላ የእግር ጉልበትና የሩጫ ፍጥነት ወደ ቦታቸው ለመመለስ ለወጣቱም እስከ 72 ሰዓት ሊወስዱ ይችላሉ፤ ለሽማግሌው አራተኛውን ቀን ማሰብ ይበጃል።

ሦስተኛው የቆየ ጉዳት ነው። የኋላ ጭን ጡንቻው አንድ ጊዜ የተቀደደ ሰው እንደገና የመጎዳት ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል፤ 15 ዓመት የተጫወተ እግር ደግሞ ጠባሳ አያጣም። የባት ጡንቻ ጉዳት በተለይ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። የአውሮፓ ታላላቅ ክለቦችን ለዓመታት የተከታተለው ጥናት እንዳሳየው እ.ኤ.አ. በ2001/02 ከጠቅላላው ጉዳት 12 በመቶ የነበረው የኋላ ጭን ጡንቻ ጉዳት በ2021/22 24 በመቶ ደርሷል። ጨዋታው ራሱ ፈጥኗል። የ35 ዓመቱ ሰው የሚጫወተው እሱ 22 ዓመት በነበረው ጊዜ የነበረውን ኳስ አይደለም።

እኛ ዘንድ አንድ ነገር መጨመር አለበት። የወረቀት ዕድሜና የእግር ዕድሜ ሁልጊዜ አይገጥሙም። ፕሮግራሙ መሠራት ያለበት ከመታወቂያው ሳይሆን ከታች ከምንዘረዝራቸው መለኪያዎች ነው።

የጨዋታ ቦታም ይወስናል። ግብ ጠባቂው ሌላ ዓለም ነው፤ ኤሳም ኤል ሃዳሪ እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ዋንጫ በ45 ዓመቱ ተሰልፎ ፍጹም ቅጣት ምት አድኗል። የመሐል ተከላካይና ኳስ አደራጅ አማካይ ንባባቸው ብዙ ሩጫ ይቆጥብላቸዋል። ክንፍ ላይ የሚሮጠውና በኋላ መስመር ተከላካዮች ጀርባ የሚገባው አጥቂ ግን መሣሪያቸው ራሱ ፍጥነቱ ስለሆነ ሂሳቡ የሚከብደው በእነሱ ላይ ነው።

ሚላና ሞድሪች

ደቂቃ መመደብን ለማስረዳት ከሮዤ ሚላ የተሻለ ምሳሌ የለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የዓለም ዋንጫ 38 ዓመቱ ነበር። ለካሜሩን ያገባቸው አራቱም ግቦች ተቀይሮ ገብቶ ያገባቸው ናቸው፦ ሁለቱ ሩማንያ ላይ፣ ሁለቱ በጭማሪ ሰዓት ኮሎምቢያ ላይ። እንግሊዝ ላይም ከእረፍት መልስ ገብቶ ፍጹም ቅጣት ምት አስገኝቷል፣ አንድ ኳስም ለግብ አቀብሏል። አሰልጣኙ «ሚላ ስንት ደቂቃ ይችላል?» ከሚለው ይልቅ «ተከላካዮች ሲደክሙ ሚላ ምን ያደርጋቸዋል?» የሚለውን የጠየቀ ይመስላል። የዛለ ተከላካይ ፊት ያልደከመ ሽማግሌ ከዛለ ወጣት ይፈጥናል።

ሉካ ሞድሪች ሌላውን ገጽ ያሳያል። ሪያል ማድሪድ ባሳለፋቸው የመጨረሻ ዓመታት፣ በሊጉም በአውሮፓም በዋንጫውም ጨዋታ ሲደራረብ፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከወንበር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ክረምት፣ 40 ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በዚያ ዓመት በአውሮፓ ውድድር ወዳልተሳተፈው ኤሲ ሚላን ሄደና ቋሚ ተሰላፊ ሆነ። ዕድሜው አልቀነሰም፤ የተለወጠው በሁለት ጨዋታ መካከል ያለው ቀን ነው። «ይችላል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «መቼ ነው የተጫወተው፣ መቼ ነው የሚጫወተው?» መሆን አለበት።

የፕሪሚየር ሊጋችን ሁኔታ ይህን ያወሳስበዋል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቡድኖች በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ሲጫወቱ ቆይተዋል፤ ፋሲል ከነማ በአሰልጣኝ ስዩም ከበደ እየተመራ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳውም በዚያው ዓመት ነው። በዚህ አካሄድ በጨዋታዎች መካከል አንዴ አራት ቀን፣ አንዴ ሰባት ቀን ይገኛል፤ መሐል ላይ ረጅም እረፍት ይመጣል። ለ22 ዓመቱ ልጅ ይህ መመላለስ ነው። ለ35 ዓመቱ ግን ያ ያልነው ዳገትና ገደል ነው።

ሂሳቡን በወረቀት

በደረት የሚታሰር የርቀት መለኪያ ከሌለ እስክሪብቶና ደብተር ይበቃል። ልምምዱ ካለቀ ከ30 ደቂቃ በኋላ ተጫዋቹ «ምን ያህል ከበደህ?» ተብሎ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ በደቂቃው ይባዛል፣ ውጤቱም የዕለቱ ጫና ነው። ጓደኞቹ ፊት መጠየቅ የለበትም፤ ሽማግሌ ተጫዋች በወጣቶች ፊት «8» የሚለውን «5» ብሎ ያሳንሳል።

እሁድ ተጫውቶ እሁድ ለሚጫወት የ35 ዓመት አጥቂ አንድ ሳምንት ይህን ይመስላል። ሰኞ 25 ደቂቃ ቀላል ብስክሌት ወይም ፈጣን እርምጃ፣ ነጥብ 2፣ ድምር 50። ማክሰኞ ሙሉ እረፍት። ረቡዕ የጉልበት ሥራና 4 ለ4 በጠባብ ሜዳ፣ ሦስት ሦስት ደቂቃ አራት ዙር፤ በጠቅላላው 60 ደቂቃ በ6፣ ድምር 360። ሐሙስ ሰፊ ሜዳና ሙሉ ፍጥነት፣ 70 ደቂቃ በ6፣ ድምር 420። አርብ የቆመ ኳስና የአሰላለፍ ሥራ፣ 45 በ3፣ 135። ቅዳሜ 30 ደቂቃ ማነቃቂያ፣ 90። እሁድ 90 ደቂቃ በ8፣ 720። የሳምንቱ ድምር 1,775 ነው።

አሁን ይህ ሰው «ይረፍ» ተብሎ ሁለት ሳምንት ባይሰለፍና ሌላ ምንም ባይተካለት ድምሩ 1,055 ይሆናል። በሦስተኛው ሳምንት ወደ 1,775 ሲመለስ ጫናው በአንድ ጊዜ 68 በመቶ ዘለለ ማለት ነው። የሚቀደደው እዚህ ጋ ነው፤ ደጋፊውም «አርፎ እንኳ አይችልም» የሚለው እዚህ ጋ ነው። የትኛው ዝላይ አደገኛ እንደሆነ የሚናገር አንድ የተቀደሰ ቁጥር የለም፣ ባለሙያዎችም አልተስማሙበትም። ከሳምንት ሳምንት ከ15 እስከ 20 በመቶ በላይ እንዳይዘል መጠንቀቅ ግን ጤናማ ልማድ ነው።

መፍትሔው የተጓደለውን መሙላት ነው። 25 ደቂቃ ብቻ የተጫወተ ወይም ጭራሽ ያልገባ ሰው ጨዋታው እንዳለቀ እዚያው ሜዳ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይሠራል፦ 60 ሜትር በፈጣን ሩጫ ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ 30 ሜትር በሙሉ ፍጥነት ሦስት አራት ጊዜ፣ በመካከሉ በቂ እረፍት። እኛ ዘንድ ይህ የሚከሽፍበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአንድ ሜዳ በአንድ ቀን ከአንድ በላይ ጨዋታ ሲኖር ሜዳው ለቀጣዩ ቡድን ይለቀቃል፣ ወይ ደግሞ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ያኔ ሥራው ወደ ማግስቱ ጠዋት መዛወር አለበት። ያልተጫወተው ሰው ከተጫወቱት ጋር «ማገገሚያ» ብሎ ብስክሌት ከጋለበ ያች ሳምንት ባከነች።

ለውድድር ዘመኑም እንዲሁ ማስላት ይቻላል። 16 ቡድን ባለው ሊግ 30 ጨዋታ፣ 2,700 ደቂቃ አለ። 20 ጨዋታ ጀምሮ በአማካይ 70 ደቂቃ ቢጫወት 1,400፤ ሰባት ጨዋታ ተቀይሮ ገብቶ 25 ደቂቃ ቢያገኝ 175፤ ሦስቱን ከስብስብ ውጪ ቢሆን ድምሩ 1,575 ይመጣል፣ ከጠቅላላው 58 በመቶ። ይህ ቁጥር መርሐ ግብሩ እንደወጣ ከተጫዋቹ ጋር ተቀምጦ የሚጻፍ እንጂ እየተጎዳ የሚገኝ መሆን የለበትም።

ሙሉ ፍጥነትን አትከልክሉት

በእኛ ቡድኖች ደጋግሞ የሚታይ ስህተት አለ። «ትልቅ ሰው ነው፣ እንዳይጎዳ» ተብሎ ሐሙስ የፍጥነት ሥራ ሲሠራ ሽማግሌው ዳር ላይ ኳስ ያንጠባጥባል። እሁድ ግን ተከላካይ ጀርባ ረጅም ኳስ ሲጣልለት ለወር ያልነካውን ፍጥነት ጡንቻው በድንገት ይጠየቃል። የኋላ ጭን ጡንቻ ከሙሉ ፍጥነት ሩጫ የሚጠበቀው በሙሉ ፍጥነት ሩጫ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከጨዋታው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ከ30 እስከ 40 ሜትር አምስት ስድስት ጊዜ፣ ከራሱ ከፍተኛ ፍጥነት 90 በመቶ በላይ፣ በየመካከሉ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ እረፍት። ከዚህ አይብለጥ፣ ከዚህም አይጉደል።

ከዚህ ጋር ኖርዲክ የሚባለው እንቅስቃሴ አለ። ተጫዋቹ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይይዝለታል፣ ወገቡን ሳያጥፍ በተቻለው መጠን ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይወርዳል። መሣሪያ አያስፈልገውም፤ በትክክል የሚሠሩት ቡድኖች የኋላ ጭን ጉዳታቸው በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንታኔ አሳይቷል። ውድድር ላይ ላለ ሽማግሌ ረቡዕ ዕለት ሁለት ዙር፣ በየዙሩ አራት አምስት ጊዜ ይበቃል። አርብ ወይም ቅዳሜ ከተሠራ ግን ጡንቻው ታምሞ ለጨዋታ ይደርሳል፤ «ኖርዲክ ጎዳኝ» የሚሉት አብዛኞቹ ቀኑን የሳቱ ናቸው። ለባት አንድ እግር ላይ ቆሞ ተረከዝን ማንሳት፣ ለእያንዳንዱ እግር 25 ጊዜ መድረስን ግብ ማድረግ። ለብሽሽት በጎን ተጋድሞ፣ ላይኛውን እግር ጓደኛ ይዞለት ወገብን ማንሳት።

ጎንደር ለዚህ ሥራ አንድ ስጦታ አላት፤ ዳገቷ። ወደ ጎሐ ወይም ወደ ቁስቋም በሚወጣው ዓይነት ዳገት ላይ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ሽቅብ መሮጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ስድስት ጊዜ፣ ጉልበትን ያሳድጋል፤ እርምጃው ስለሚያጥር የኋላ ጭንን እንደ ሜዳው አያስጨንቀውም። ሁለት ጥንቃቄ ግን አለ። ቁልቁሉን መሮጥ የፊት ጭንና ጉልበትን ይቀጠቅጣል፣ ስለዚህ ሲወረድ በእርምጃ ነው። የዳገቱ ሩጫም የሜዳውን ሙሉ ፍጥነት አይተካም፤ ከእሱ በፊት የሚመጣ መሰናዶ ነው።

ከፍታውና ሜዳው

ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከ1,500 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ ለከፍታው ባልለመደ ሰው ላይ ኦክስጅን የመጠቀም አቅም ወደ 1 በመቶ ይቀንሳል ተብሎ ይገመታል፤ እዚህ ሲደርስ ወደ 6 በመቶ ነው። እዚሁ የኖረ ሰው ሰውነቱ ይላመደዋል። ድሬዳዋን በመሰለ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለ ሞቃት ከተማ ሳምንታት ከርሞ የተመለሰ ቡድን ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይቸገራል። የሚጎዳው ዝግ ያለው ሩጫ አይደለም፤ በሁለት ፈጣን ሩጫዎች መካከል ትንፋሽ የመመለሻው ጊዜ ይረዝማል። በተመለሱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ለሽማግሌው ፍጥነቱን ሳይቀንሱ እረፍቱን ከ2 ወደ 3 ደቂቃ ተኩል ማሳደግ ይበቃል።

ወደ ቆላ ሲወረድ ጠላቱ ሙቀት ነው። ከልምምድ በፊትና በኋላ ሚዛን ላይ ማቆም፤ ለጎደለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.25 እስከ 1.5 ሊትር ውሃ ከጨዋማ ምግብ ጋር ቀስ በቀስ መተካት።

ሜዳን በተመለከተ አጭር ነገር፦ በበጋ የደረቀና የጠነከረ መሬት ባትንና የተረከዝ ጅማትን ይመታል፣ ጥርሱ ረጅም ታኬታ ሲደረግበት ደግሞ ይብሳል። ለደረቁ ጥርሱ አጭርና ብዙ የሆነ፣ ለጭቃው ረጅም። ብዙ ተጫዋች አንድ ታኬታ ነው ያለው፤ ክለቡ ሁለተኛውን ቢገዛ ከአንድ ወር ጉዳት ይረክሳል።

ማለዳ የሚወሰዱ ሦስት መለኪያዎች

ከጨዋታው በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሶ ከቁርስ በፊት፣ አሥር ደቂቃ የማይሞላ ምርመራ ይደረጋል።

አንደኛው በደም ግፊት መለኪያ ነው። ተጫዋቹ በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን ያጥፋል፤ የመለኪያው ጨርቅ ተጠቅልሎ በጉልበቶቹ መካከል ይቀመጥና ቁጥሩ 10 እስኪያሳይ ይነፋል፤ ተጫዋቹ ባለ በሌለ ኃይሉ አምስት ሰከንድ ይጨምቀዋል። ደህና በሆነባቸው ሦስት ጠዋቶች የተገኘው አማካይ ለምሳሌ 240 ከሆነ፣ ወደ 190 ከወረደ ወይም ሲጨምቅ ብሽሽቱን ካመመው ያን ቀን ሙሉ ልምምድ የለም። መለኪያው ማንኛውም ጤና ጣቢያ ውስጥ ያለው ነው።

ሁለተኛው ዝላይ ነው፦ ግድግዳ አጠገብ ቆሞ፣ ጣቱን ጠመኔ ቀብቶ፣ ከሦስት ዝላይ ምርጡ ይያዛል። 48 ሴንቲሜትር የሚዘል ሰው 43 ላይ ከወረደ እግሩ ገና አልተመለሰም።

ሦስተኛው ጥያቄ ነው፦ ስንት ሰዓት ተኛህ፣ የት ያምሃል፣ ከ0 እስከ 10 ስንት? ይህኛው ተራ ይመስላል፤ ከሦስቱ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚናገረው ግን እሱ ነው፣ ተጫዋቹ እውነቱን ከተናገረ።

መግባትና መውጣት

የኋላ ጭን ጉዳት የሚበዛው በየአጋማሹ መጨረሻ 15 ደቂቃዎች ነው። ስለዚህ ሽማግሌውን ለማትረፍ የሚፈልግ አሰልጣኝ ከ65ኛው እስከ 70ኛው ደቂቃ ያወጣዋል፤ በ85ኛው ማውጣት ለጭብጨባ ነው። አምስት ቅያሪ እ.ኤ.አ. በ2022 ቋሚ ሕግ ከሆነ ወዲህ ለዚህ ቦታ አይጠፋም፤ ቅያሪው በሦስት ጊዜ ብቻ እንደሚፈቀድና የእረፍት ሰዓቱ እንደማይቆጠር ግን መታሰብ አለበት።

ተቀይሮ ለሚገባ ሽማግሌ አደጋው ቅዝቃዜ ነው። አንድ ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት ብርድ፣ ከዚያ «ቶሎ ግባ!» ይባላል። ቢያንስ ከ10 ደቂቃ በፊት ይነገረው፤ ማሟሟቂያው ውስጥ ወደ ሙሉ ፍጥነት የተጠጉ ሦስት አራት ሩጫዎች ይኑሩበት፣ መስመሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ብቻ አይበቃም። ጨዋታ የጀመረውም ቢሆን በ15 ደቂቃ እረፍት ጡንቻው ይቀዘቅዛልና ከመልበሻ ክፍል ሁለት ሦስት ደቂቃ ቀድሞ ወጥቶ መንቀሳቀስ አለበት።

ጾምና ማዕድ

የሚያረጅ ጡንቻ ፕሮቲን ሲሰጠው እንደ ወጣቱ ቶሎ አይቀበልም፤ ስለዚህ በአንድ ማዕድ የሚፈልገው መጠን ይበልጣል። ለስፖርተኛ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.6 እስከ 2 ግራም ሲባል፣ 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ120 እስከ 150 ግራም ነው፣ በየማዕዱ 30 ግራም ገደማ።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚውለው ሊጉ በሚፋፋምበት ወቅት ነው። የሚጾመውን ተጫዋች «ፍታ» ማለት የአሰልጣኝ ሥራ አይደለም፤ እሱና የንስሐ አባቱ ይነጋገሩበት። የቡድኑ ሥራ ማዕዱን መሙላት ነው። 60 ግራም የሽሮ ዱቄት ወደ 12 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፣ 200 ግራም የበሰለ ምስር ወደ 18፣ 100 ግራም የሽምብራ ቆሎ ወደ 19፣ 50 ግራም ለውዝ ወደ 12። ችግሩ የሚመጣው የሆቴሉ የጾም ምግብ እንጀራ፣ ጎመንና ድንች ሲሆን ነው፤ ሆድ ይሞላል፣ ጡንቻ ግን አይጠገንም። የቡድን መሪው ሆቴሉን ሲይዝ ምስርና ሽሮ በየማዕዱ እንዲቀርብ፣ ማታ ከመተኛት በፊት ቆሎና ለውዝ እንዲኖር ቀድሞ ይዘዝ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ከሆነ ከባዱ ልምምድ ከሰዓት በኋላ መሆን ይችላል። በረመዳን ደግሞ የጉልበት ሥራው ከአፍጥር በኋላ፣ ከአፍጥር በፊት ያለው ሰዓት ለቀላል ልምምድና ለአሰላለፍ ይዋል።

ጉዞም ከማዕድ አይተናነስም። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ሐዋሳ ሲሆን ገና መንገድ ይቀራል። በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ አሥር ደቂቃ መራመድና ተረከዝ ማንሳት ለሽማግሌው እንደ ልምምድ ይቆጠር። ክለቡ ለጥቂት ሰው ብቻ ከአዘዞ የአውሮፕላን ትኬት መግዛት የሚችል ከሆነ፣ ወንበሩ ከቦርድ አባል ይልቅ ለ35 ዓመቱ ጀርባ ይገባዋል።

ሲጎዳ

ጡንቻ በተቀደደ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ጠንካራ ማሸት፣ ማሞቅና ማለጠጥ ደሙን ያበዛል፣ ቁስሉን ያሰፋል። ጥሩ የቡድን ወጌሻ ይህን ያውቃል፤ ችግሩ ተጫዋቹ ማታ ተደብቆ ሰፈር ውስጥ ሲታሽ ነው። በፋሻ ጫን አድርጎ ማሰር፣ ማቀዝቀዝ፣ እግርን ከፍ ማድረግ፣ በሦስተኛው ቀን ቀላል እንቅስቃሴ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ተቋም ነው፤ ለከተማው ክለብ እንዲህ ያለ እውቀት በእግር መንገድ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ሊጠቀምበትም ይገባል።

መመለሻው በቀን አይቆጠርም። ተኝቶ፣ የተጎዳውን እግር ተረከዝ ወንበር ላይ አድርጎ፣ በአንድ እግር ወገብን 25 ጊዜ ያለ ሕመም ያንሳ፣ ከጤነኛው እግር ጋር እኩል። ሁለት ቀን ሙሉ ፍጥነት ይሩጥ። ከቡድኑ ጋር ሦስት አራት ሙሉ ልምምድ ይሥራ። መጀመሪያ የሚሰጠው 20 ደቂቃ ነው። ሜሲ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኮፓ አሜሪካ ፍጻሜ ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ የተመለሰው ከሁለት ወር በኋላ ነበር፤ በመመለሻው ጨዋታ ሁለት ግብ አገባ።

የሕመም ማስታገሻ መርፌ ወግቶ ማሰለፍ የሚያስፈራው ሕመሙ ራሱ የማስጠንቀቂያ ደወል ስለሆነ ነው። የአበረታች መድኃኒት ሕግም አለ፦ ማንኛውም የኮርቲኮስቴሮይድ መርፌ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ፣ ትራማዶል ደግሞ ከ2024 ጀምሮ በውድድር ወቅት ታግደዋል። ሐኪም ሳያውቅ ከፋርማሲ የተገዛ መድኃኒት ሥራውን በቅጣት ሊዘጋው ይችላል።

ማን ይንገረው?

ብዙ ጊዜ ሽማግሌው ተጫዋች ከቋሚ 11 መውጣቱን የሚያውቀው ሰሌዳው ላይ ሲያነብ ነው። ወጣቶቹ «ጋሼ» የሚሉትን ሰው እንዲህ ማዋረድ መልበሻ ክፍሉን ይሰነጥቀዋል። ሰኞ ለብቻው ይጠራ፤ «የፊታችን እሁድ 65 ደቂቃ አለህ፣ ከዚያ በኋላ ባለው ጨዋታ ከ60ኛው ደቂቃ ትገባለህ፣ ሦስተኛውን ሙሉ ትጫወታለህ» ይባል። ቃሉ ከተሰጠ በኋላ ቡድኑ 1 ለ0 ስለተመራ ብቻ 90 ደቂቃ ከተጫወተ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ማለዳ «ደህና ነኝ» ሲል የሚያምነው አይኖርም፣ እሱም እውነቱን መናገሩን ያቆማል።

ለደጋፊውም ቀድሞ መንገር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሜሲ በጉዳት ምክንያት ሳይገባ ሲቀር፣ ቀድሞ ስላልተነገረ ስታዲየሙ በጩኸት ተሞላ፤ አዘጋጆቹም የትኬቱን ግማሽ ዋጋ ለመመለስ ቃል ገቡ። ጎንደር ላይ ማንም ገንዘብ መልሱልኝ አይልም። ግን ከርቀት ተጉዞ ቡድኑን የሚከተል ደጋፊ «ይህ ተጫዋች ዛሬ በዕቅድ ያርፋል» የሚል አንድ መስመር በክለቡ ገጽ ላይ ማንበብ ይገባዋል።

የሚቀረው ደብተሩ ነው። የጫናው ድምር፣ የጭምቁ ቁጥር፣ የዝላዩ ከፍታ፣ የቆየ ጉዳት ዝርዝር፣ ሁሉም የሚጻፍበት። ክለቦቻችን አሰልጣኝ በውድድር መሐል ይቀይራሉ፤ የሚሰናበተው አሰልጣኝም ደብተሩን በሻንጣው ይዞ ይሄዳል። አዲሱ መጥቶ፣ ራሱን ለማስመስከር ቸኩሎ፣ የ35 ዓመቱን ሰው በሦስት ቀን ልዩነት ሁለቴ 90 ደቂቃ ያሰልፈዋል። ደብተሩ የክለቡ ንብረት ይሁን፣ ወጌሻው ይያዘው፣ አዲሱ አሰልጣኝም የመጀመሪያውን አሰላለፍ ከማውጣቱ በፊት ይቀበለው።